ከመቅዘፍሽ በፊት መውደቁን ልመጂ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በጎማ ጀልባ ነጭ ውሃ፣ ማለትም በድንጋይ መሃል አረፋ እየደፈቀ የሚወርድ ወንዝ፣ ልትወርዱ (ራፍቲንግ ልትሄዱ) እንዳሰባችሁ ጽፈሽልኛል። አልከለክልሽም። ስለ ወንዙ ስትጠይቂ ግን "ደረጃው ስንት ነው?" ሳይሆን "ዛሬ ስንት ሆኗል?" በይ። የአስቸጋሪነቱ መለኪያ ከ1 እስከ 6 ነው፤ ጥሩ መሪ ካለ ለጀማሪ 2 እና 3 ይበቃል። ከላይ ዝናብ ከጣለ ያው ወንዝ በአንድ ሌሊት ደረጃ ሊዘል ይችላል። ውሃው ደፍርሶ ግንድ እየነዳ ከመጣ ለሌላ ቀን ማሳደር ነው።

ጥጥ አትልበሺ፤ ከረጠበ ሙቀትሽን ይጨርሰዋል። ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ዌትሱት (ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ ሙቀት የሚይዝ የውሃ ልብስ) ይስጡሽ፤ ብርድ ውሃ ድንገት የነካው ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ያን ጊዜ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬትሽን ከወገብ ጀምረሽ ወደ ላይ አጥብቂ። ከዚያ አንድ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጆሮሽ ድረስ ከወጣ ላልቷል። ሄልሜቱ ግንባርሽን መሸፈን አለበት። ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ሌላ ጠይቂ።

ጀማሪ ሲፈራ ወደ ጀልባው መሃል ይሸሻል፤ እዚያ ሆኖ መቅዘፊያው ውሃ አይደርስለትም። ዳር ባለው ቱቦ ላይ ተቀመጪ፣ የእግርሽን ጫፍ ከፊትሽ ባለው አግድም ቱቦ ሥር አስገቢ፤ እንዲይዝሽ እንጂ እንዲቀረቀር አይደለም። አንድ እጅሽ ከመቅዘፊያው ጫፍ አግድም እጀታ ፈጽሞ አይለቅ። በራፍቲንግ የጓደኛን ጥርስ የሚሰብረው ብዙ ጊዜ ድንጋይ ሳይሆን ያ የተለቀቀ እጀታ ነው።

ስትቀዝፊ በክንድሽ ብቻ አይሁን፤ ከወገብሽ ጎንበስ ብለሽ፣ ከፊት ካሉት ሁለቱ ጋር እኩል። ሞገድ ሲመጣ ሁሉም ደንግጦ ያቆማል። መሪው ጀልባውን ማዞር የሚችለው ከውሃው ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ ስለሆነ፣ እናንተ ስታቆሙ ጀልባው ቅጠል ሆነ ማለት ነው። ጀልባው በጎኑ ቋጥኝ ከመታ ደግሞ ሰውነትሽ ከቋጥኙ መሸሽ ይፈልጋል፤ አንቺ ወደ ቋጥኙ ዝለዪ። ክብደቱ ውሃው በሚመጣበት ወገን ከቀረ ያ ጎን ይሰምጣል፣ ውሃ ይወጣበትና ይገለበጣል።

አሁን ዋናው። ከወደቅሽ በጀርባሽ ተንሳፈፊ፣ እግርሽን ውሃው ወደሚወርድበት አቅጣጫ አድርጊ፣ የእግርሽ ጣቶች ከውሃ በላይ ይታዩሽ። ውሃው ከጉልበትሽ በታች ካልሆነ በፍጹም አትቁሚ! ይሄኛውን ከሌላው ሁሉ አብልጠሽ ያዢልኝ። እግር በሁለት ድንጋይ መካከል ይገባል፣ ውሃው ከኋላ ይገፋል፣ ሰውየው በፊቱ ይደፋል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ በዚያ ላይ ተነስቶ የሚቆም ጉልበት የለም። ትንፋሽሽን ሞገዱ ዝቅ ሲል ሳቢ፣ ጫፉ ላይ ያዢው።

አንድ ጊዜ ብቻ ይህ አቀማመጥ ይቀየራል፤ ከፊትሽ ውሃው የሚያልፍበት የወደቀ ዛፍ ካለ። ውሃ በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው አያልፍም። ራቂው፤ ካልተቻለ በደረትሽ ተገልብጠሽ ወደ እሱ በኃይል ዋኚና ግንዱ ላይ ውጪ።

ገመድ ሲወረውሩልሽ የገመዱን መያዣ ከረጢት ሳይሆን ገመዱን ያዢ፣ በትከሻሽ ላይ አሳልፈሽ በጀርባሽ ተኚ። እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው። ጀልባው ከላይሽ ከተገለበጠ ወለሉን በእጅሽ እየገፋሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ውጪ። ከወጣሽ በኋላ ውሃው በሚመጣበት ወገን ቆዪ፤ በታችኛው ወገን ከሆንሽ በጀልባውና በቋጥኝ መሃል ትጨፈለቂያለሽ። ሌላ ሰው ወደ ጀልባ ስትስቢ ክንዱን ተዪው፤ የጃኬቱን ትከሻ ያዢ፣ ጉልበትሽን ቱቦው ላይ አስደግፊና ወደ ኋላሽ ውደቂ።

መሪው ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ይህን ሁሉ ሳያለማምዳችሁ እንውረድ ካለ፣ ሳታፍሪ ጠይቂው። መነጽርሽንም በማሰሪያ እሰሪው።

አባትሽ