ለቤተ ዘመድ ማኅበራችን አባላት በሙሉ

ጤና ይስጥልን። የዘንድሮው መሰባሰቢያችን ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ነው። ለመንዞቹም ለአዲስ አበቤዎቹም ይመቻል። አዳሩ ብርድ ነውና ጋቢ ያዙ።

ዋናው ጉዳይ ዘር ቆጠራው ነው። እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም እንላለን፤ ልጆቻችን ግን ከአያታቸው ወዲያ አያውቁም። ዘመዳሞች ከተማ ላይ ሳይተዋወቁ ቢጣበሱ ማንን እንወቅሳለን? ስለዚህ እያንዳንዱ ወጣት ከአንድ ትልቅ ሰው ጎን ይቀመጥ። እማማ ወይም አባባ ይቁጠሩ፣ ልጁ በስልኩ ይቅረጽ፣ ከዚያ ስሞቹን ግድግዳው ላይ በሚለጠፈው ትልቅ ወረቀት ይጻፍ። የእናት ወገንም ይቆጠር፤ ሁሌ የሚዘለለው እሱ ነው። ንግግር አናበዛም።

በግ ከመንዝ፣ ቆሎ ከደብረ ሲናዎቹ፣ ጠላና ዳቦ ከአስተናጋጆቹ። መዋጮ እስከ ገና ለገንዘብ ያዣችን ይግባ። የሚቀር ካለ ቀደም ብሎ ይደውል።