በጀቱ ግሪንሀውስ በር ላይ እንዳይቆም

ይድረስ ለሰብል ምርምር በጀት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

"ድርቅ የሚቋቋም ጂን አገኘን" የሚል ማመልከቻ ጠረጴዛዎ ላይ ሳይደርስ የሚያልፍ ዓመት ያለ አይመስለኝም። የሚቀጥለውን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ። መትረፉንስ ተረፈ፤ ስንት አፈራ?

ተክል ሲጠማው ሮጦ አያመልጥም። አፈሩ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ውስጡ ይበዛል። ሆርሞኑ ቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያዘጋል፤ ተኝተው የነበሩ ብዙ ጂኖችንም ይቀሰቅሳል። ውኃው ይቆጠባል። ችግሩ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባውም በእነዚያው ቀዳዳዎች ነው። ሲዘጉ ተክሉ ምግቡን መሥራት ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሽ ሲጠማው ቶሎ የሚደነግጥ ተክል ነፍሱን ያተርፋል እንጂ ፍሬው ይሳሳል። ግሪንሀውስ በሚባለው የተክል መሞከሪያ ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ውኃ ተከልክሎ አረንጓዴ እንደሆነ የቆየ ችግኝ ፎቶ ላይ ያምራል። እውነቱን ለመናገር እኔም እንዲህ ያለ ፎቶ ማመልከቻዬ ላይ ለጥፌ ገንዘብ አግኝቻለሁ። ስለ ምርት ግን አንዲት ቃል አይናገርም።

ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ተክል ቅጠሉን የሚያቀዘቅዘው በቀዳዳዎቹ ውኃ እያተነነ ነው፣ እኛ በላብ እንደምንቀዘቅዘው። ሙቀቱ ክፈት ይለዋል፣ ድርቁ ዝጋ ይለዋል። ማሳ ላይ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የምንፈትናቸው፤ ለሥራ ስለሚቀለን።

የተሳካም አለ። ኤፍአር13ኤ የሚባል ነባር የሕንድ ሩዝ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሌላው ሩዝ ሲሰጥም ኤትሊን የሚባለው ጋዝ ውስጡ ይጠራቀማል፤ አየር ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛል፤ ስኳሩን ይጨርስና ውኃው ሲጎድል ይወድቃል። በኤፍአር13ኤ ውስጥ ያለው ሰብ1ኤ የተባለ ጂን ግን "ቆይ፣ አትቸኩል" ይለዋል። ተክሉ ስኳሩን ይዞ ይጠብቃል። የሚገርመው፣ ጥልቅ ውኃ ላይ የሚበቅሉ የሩዝ ዓይነቶች በዚያው በኤትሊን ትእዛዝ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ስኖርክል የተባሉ ጂኖቻቸው በፍጥነት ያስረዝሟቸዋል። በቀናት የሚያልፍ ጎርፍ ከሆነ መታገስ ያዋጣል። ወራት የሚቆይ ከሆነ ግን የታገሰ ይሞታል። ያው "ጥሩ ጂን" የተባለው እንደ ቦታው መጥፎ ይሆናል ማለት ነው። ይህን የሚነግረን ማሳ ብቻ ነው።

ጊዜውንም ይቁጠሩልኝ። የሰብ1ኤ አድራሻ በክሮሞዞም ላይ የተጠቆመው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ጂኑ ተለይቶ የታወቀው በ2006፣ ስዋርና በሚባለው ተወዳጅ የሩዝ ዝርያ ውስጥ ገብቶ ሕንድ ለገበሬ የለቀቀችው በ2009። ልብ ይበሉ፣ አዲሱ ስዋርና ጎርፍ በሌለበት ዓመት ከቀድሞው ያነሰ ምርት አይሰጥም። ገበሬውም ያለ ስጋት ዘራው። በሦስት ዓመት በጀት ቢሆን ኖሮ ሥራው ገና መንገድ ላይ ሳለ ይዘጋ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ለአንድ ጂን የሚሰጠው ገንዘብ ግሪንሀውስ በር ላይ አይቁም። በተለያዩ ቦታዎች፣ በተከታታይ ዓመታት፣ በክፉውም በደጉም ወቅት ምርቱ ተመዝኖ ይቅረብልዎት። መጥፎ ውጤት ያመጣ ተመራማሪም አይቀጣ፤ አለበለዚያ ሁላችንም ፎቶ ብቻ ይዘን እንመጣለን።

በዚህ አጋጣሚ የነባር ዝርያዎች ዘር በማቀዝቀዣ የሚቀመጥበትን የዘር ባንክ ነገር አደራ። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው፤ የማቀዝቀዣ መብራት ዜና አይሆንማ። ኤፍአር13ኤ ምርቱ ዝቅተኛ የሆነ አሮጌ ዝርያ ነበር። "ምን ያደርግልናል" ብሎ የጣለው ሰው ቢኖር ኖሮ ሰብ1ኤን ከየት እናመጣው ነበር?

መልስዎን እጠብቃለሁ። ከፈለጉ የቀጣዩን ማመልከቻ መገምገሚያ ቅጽ አብረን እናስተካክለው፤ "በማሳ የተገኘ ምርት" የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት ለመጀመሪያ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰብል ዘረመል ተመራማሪ