ለልጄ፦ ሁለተኛውን ገቢር ከመጻፍሽ በፊት ይህን ፊልም እዪልኝ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የላክሽልኝን ድርሰት አነበብኩት። የአከራይዋ ነገር አስቆኛል። ግን ሰዎችሽ ሁሉ አስቂኝ መሆናቸውን የሚያውቁ ይመስላሉ። የሚመጡት ቀልድ ሊናገሩ ነው፤ ተናግረው ይወጣሉ። ይሄ ነው ያልተዋጠልኝ።

«ዘ ሃፒየስት ዴይስ ኦፍ ዩር ላይፍ» የሚባል የእንግሊዝ ፊልም አለ። በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ያዘጋጀው ፍራንክ ላውንደር ነው። መነሻው የጆን ዳይተን የመድረክ ተውኔት ስለሆነ ለሥራሽ ይቀርባል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቷል። የትምህርት ሚኒስቴር በስህተት አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ናትቦርን ወደሚባል የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ይልካል። የወንዶቹ ዳይሬክተር ሚስተር ፖንድ ናቸው፤ አላስተር ሲም ነው የሚጫወተው። የሴቶቹ ዳይሬክተር ሚስ ዊትቸርች ናቸው፤ ማርጋሬት ራዘርፎርድ። ሁለቱ ፊት ለፊት ተፋጠው ሲቆሙ ማየት ብቻውን ይበቃል።

አደራ የምልሽ ግን የጉብኝቱን ክፍል ነው። ፖንድ ሌላ፣ የተሻለ ትምህርት ቤት መሾም ይፈልጋሉ። የዚያ ትምህርት ቤት የቦርድ አባላት ሊጎበኙ ይመጣሉ። በዚያው ቀን የሴቶቹ ወላጆችም ከተፍ ይላሉ። ወላጆቹ ወንድ ተማሪ ማየት የለባቸውም። ቦርዱ ደግሞ ሴት ማየት የለበትም። ግቢው አንድ ነው! አንዱ ቡድን ከክፍል ሲወጣ ተማሪዎቹ በሩጫ ይቀያየራሉ። ሜዳው ላይ የራግቢው ጎል ይነሳና የሴቶቹ የላክሮስ (ጫፉ ላይ መረብ ባለው በትር የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ) ጎል ይተከላል፤ ከዚያ ደግሞ ይገለበጣል። እኛ ሁሉንም እናያለን፣ እንግዶቹ ምንም አያውቁም። አንድም ሰው ግን ቀልድ አይናገርም። ፖንድ ሹመታቸው ሊያመልጣቸው ነው። ሚስ ዊትቸርች የትምህርት ቤታቸው ስም ሊጠፋ ነው። ይህ ጭንቀት ባይኖር የምናየው ሰው ሲሯሯጥ ብቻ ነበር።

እነ ላውንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ስለ ሴንት ትሪኒያን የሴቶች ትምህርት ቤት ሌላ ፊልም ሠሩ። ሲም ቀሚስ ለብሶ ዳይሬክተሯን ሆነ። ያኛው ገነነ፣ ተከታታይ ወጣለት፤ ይሄኛው በጥላው ተሸፈነ። ለእኔ ግን አሠራሩ የጠበቀው የመጀመሪያው ነው። ጆይስ ግሬንፌልንም ልብ በያት፤ የስፖርት መምህርቷ ሚስ ጎሴጅ እሷ ናት። ከወገቧ ቀና ብላ ስትገባ ገና ሳትናገር ያስቃል።

መጨረሻውን አልነግርሽም።

አሁን ወደ አንቺ አከራይ ልመለስ። የደበቀችው ምስጢር ቢወጣ ምን ታጣለች? ቤቱን? ልጇን? ድርሰቱ ውስጥ አላገኘሁትም። መጀመሪያ እሱን ጻፊው። ፊልሙን ስታዪ ወረቀት ያዢና ማን በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው እንደወጣ መዝግቢ። እሑድ ስትደውዪ እሱን ይዘን እናወራለን።

የሚወድሽ አባትሽ