ለጠፋኸው ጓዴ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ነህ ወይ የኔ ጌታ? እትዬስ ደህና ናቸው? ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንቆጥርም፣ አንተም ጠፋህ እኔም ጠፋሁ፣ እኩል ነን በቃ። እዚህ ብርዱ እንደምታውቀው ነው፣ ሜዳው ጠዋት ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል።

አዲስ ነገር ካልከኝ ፎቶ ጀምሬያለሁ። የሰርግ እንዳይመስልህ፣ የሚሮጥ ነገር ነው የማነሳው፣ ፈረስ፣ ኳስ፣ ገና የሚመቱ ልጆች፣ አስፋልት ዳር ልምምድ የሚሰሩ ሯጮች። ዩቱብ ቁጥሩን ይነግርሃል እንጂ ፈረስ ባጠገብህ ሲያልፍ ጣትህ እንዳይደነግጥ የሚያስተምርህ ሜዳው ብቻ ነው።

ጉግስን ውሰድ። ሹተሩን፣ ማለት ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/1000 ወይ 1/2000 ሴኮንድ ላይ ስታደርገው ሁሉም ቁልጭ ይላል፣ ጭራው፣ አየር ላይ ያለው ዘንግ፣ አቧራው ሳይቀር። ለዘንጉ ይሄ ግድ ነው። ፈረሱ ለብቻው ሲሆን ግን ሐውልት መስሎ ቁጭ ይላል፣ ያ ሁሉ ፍጥነት የት ገባ ያሰኝሃል። ያኔ 1/60 ድረስ ታወርድና ካሜራውን ከፈረሱ ጋር እኩል ታዞራለህ፣ ፓኒንግ የሚሉት ነው፣ የምትዞረው ከወገብህ ነው ከክንድህ አይደለም፣ ከተጫንክ በኋላም ማዞሩን አታቆምም፣ የጋላቢው ፊት ጥርት ብሎ ከኋላ የቆመው ሕዝብ ነጠላው ጋቢው ሁሉ ተጎትቶ መስመር ይሆንልሃል። ደሞ አብዛኛው ይበላሻል፣ ታጠፋዋለህ፣ ፊልም አይደል።

ፎከሱን እንዳይለቅ ኮንቲኒየስ ላይ ታደርገዋለህ (ካኖን ሰርቮ የሚለው፣ የሚሮጠውን እየተከተለ ሳያቋርጥ ፎከስ የሚያደርገው)፣ ከዛ ወዲያ ግን ነገሩ የካሜራ አይደለም ባይ ነኝ። ጉግስ ተጫውተው ያረጁ አባት አጠገብህ ቢቆሙ ከውድ ሌንስ ይበልጡብሃል። አባራሪው ትከሻውን ወደኋላ ሲስብ ሊወረውር ነው፣ ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው ሲመልስ ዘንጉ እየመጣ ነው፣ መጫን ያኔ ነው፣ ዘንጉ ከእጅ ሲወጣ አይተህ ከተጫንክ አልፎሃል። ገናም እንደዛው፣ ሩሯን በሌንስ ላሳድድ ካልክ አታገኛትም፣ መቺውን ነው የምታየው።

ለጥምቀት ናልኝ እሺ? መንዝ ጓሳም እንወጣለን፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ላይ ስትዘል ማንሳት አምሮኛል፣ ለሷ ግን የኔ ሌንስ አይደርስም። ያንተ ረጅሙ ቁምሳጥን ውስጥ አቧራ ከሚጠጣ ይዘኸው ና፣ ስልክህንም ቀይረህ ከሆነ ቁጥሩን ላክልኝ።