ተከታታይ ልቦለድ ከየትኛው ቅጽ ይጀመር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመጻሕፍት ዓምዳችሁ ስለ ምናባዊ ልቦለድ ተከታታዮች ሲጽፍ፣ አዲስ አንባቢ ወይም ንባብ አቋርጦ የተመለሰ ሰው ከየትኛው ቅጽ ይጀምር የሚለውን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። እኛ ጅማ ያለን አንባቢዎች ደግሞ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የምናገኘው በአብዛኛው ሽፋኑ የተላጠ ሦስተኛ ወይም አምስተኛ ቅጽ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ለጀማሪ የምመርጠው በ1968 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኧርሱላ ለጉዊንን «ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» ነው። ጌድ የተባለውን ጠይም ወጣት በትዕቢቱ የለቀቀው ጥላ መጀመሪያ ሲያሳድደው፣ ኋላም እርሱ ራሱ ዞሮ ጥላውን ሲያሳድድ የሚያሳየው ይህ አጭር መጽሐፍ፣ የተከታታዩ መጀመሪያ ቢሆንም ታሪኩን በራሱ ይቋጫል። የቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ግን አንድ ወጥ ሥራ ሆኖ ሳለ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ተከፍሎ የወጣ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ብቻ ገዝቶ መጀመር (ዋጋው ቢረክስም) ትርፉ ድካም ነው፤ ከእርሱ በፊት የታተመው የዚያው ደራሲ መጽሐፍ «ዘ ሆቢት» ይቅደም። ቅጽ አማርጦ መግዛት ለማይችል ሰው የቴሪ ፕራቼት «ዲስክወርልድ» ይሻለዋል፤ ከ41ዱ መጻሕፍት አብዛኞቹ ለየብቻ ይነበባሉና።

ስለዚህ ዓምዱ ወደፊት ተከታታይ ሲጠቁም የመጀመሪያውን ቅጽ ርእስና ተከታታዩ ማለቅ አለማለቁን አብሮ እንዲገልጽልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ