ስለ ዱ ቶይት የወጣው ጽሑፍ እርማት ያስፈልገዋል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አፍሪካንስ (ከደች፣ ማለትም ከሆላንድ ቋንቋ የወጣ የደቡብ አፍሪካ ቋንቋ) ጸሐፊው፣ የነገረ መለኮት ምሁሩና የቋንቋ ተሟጋቹ ኤስ. ጄ. ዱ ቶይት (1847–1911 እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ያወጣችሁት ጽሑፍ ቋንቋውን ለመጽሐፍ ያበቃው እሱ ብቻ እንደሆነ አድርጎ አቅርቧል። ትክክል አይደለም። ኦቶማናዊው ሊቅ አቡበክር ኤፈንዲ ለኬፕታውን ሙስሊሞች የሃይማኖት መመሪያ በአፍሪካንስ የጻፉት በ1869 ነው። መመሪያው በ1877 ኢስታንቡል ታተመ። ለአፍሪካንስ የሚሟገተው የዱ ቶይት ማኅበር በደቡብ አፍሪካዋ ፓርል ከተማ የተቋቋመው በ1875 ነው። ኤፈንዲ በዐረብኛ ፊደል ስለጻፉና አናባቢዎቹንም በምልክት ስለለዩ፣ የደች አጻጻፍ የሚሸፍነው የዘመኑ አነጋገር በመጽሐፋቸው ይነበባል።

ጽሑፉ በችኮላ ያለፈው ሌላው ጉዳይ የፊደል አጣጣል ነው። የማኅበሩ መርሕ እንደሚነገረው መጻፍ ነበር። የዱ ቶይትን የ1898 ልብ ወለድ ርእስ ተመልከቱ፦ «ዲ ኮኒንግን ፋን ስኬባ»፤ የሳባ ንግሥት ማለት ነው። (ስሙ ለእኛ ቅርብ ቢሆንም ታሪኩ የሚያመራው ወደ ዚምባብዌ ፍርስራሾች ነው።) «ፋን»ን በ«ኤፍ» ጻፈው፤ ጆሮ የሚሰማው ይህንኑ ነውና። የዛሬው አፍሪካንስ ግን ድምፁን ሳይለውጥ በ«ቪ» ይጽፈዋል፤ ምክንያቱም ከ1917 ወዲህ የጸናው ሥርዓት ወደ ደች ልማድ አዘንብሏል። ስለዚህ የዛሬውን አጻጻፍ የዱ ቶይት ሥራ ማለት ያሳስታል።

በሚቀጥለው እትም ከኤፈንዲ መጽሐፍ አንድ ገጽና ጥር 15 ቀን 1876 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው የማኅበሩ ጋዜጣ የ«ዲ አፍሪካንሴ ፓትሪዮት» የመጀመሪያ ቁጥር አንድ ገጽ ጎን ለጎን አትሙ፤ ከየመስመሩም ሥር ንባቡን በፊደላችን ጻፉት።