ናሙናው ከደንበኛው ቧንቧ ይወሰድ፦ ለከተማችን የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

መሥሪያ ቤትዎ ስለ መጠጥ ውሃችን ንጽሕና በተጠየቀ ቁጥር የሚያቀርበው ከማጣሪያ ጣቢያው መውጫ ላይ የተወሰደውን የናሙና ውጤት ነው። በውጤቱ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። ነገር ግን ነዋሪው የሚጠጣው ረጅም የቧንቧ መስመር አቋርጦ የመጣ ውሃ ስለሆነ፣ ናሙና የሚቀዳበት ቦታና ሰዓት እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅባቸው ሰፈሮች መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ በአፈር ውስጥ ያለ ፍሳሽ በተሰነጠቁ መጋጠሚያዎች ወደ ቧንቧው ሊገባ ይችላል፤ ውሃው ሲመለስም ይህንኑ እየገፋ ቀድሞ ወደ ቤት ያደርሰዋል። ባለሙያው ከሰዓታት በኋላ፣ መስመሩ ታጥቦ ካለቀ ወዲያ ቢመጣ፣ የሚያገኘው የዕለቱን የተሻለ ውሃ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ በሰገራ መበከልን የሚያመለክተው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጨርሶ እንዳይገኝ፣ ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስም ቀሪ ክሎሪኑ (ውሃው ውስጥ ሳያልቅ የቀረው የማከሚያ ክሎሪን) በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም እንዲሆን ይመክራል። ክሎሪን በጉዞው እየተመናመነ ስለሚሄድ በጣቢያው የተለካው መጠን በመስመሩ ጫፍ ለሚኖር ቤተሰብ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ቀሪ ክሎሪንን እዚያው ቧንቧው አጠገብ በደቂቃዎች ውስጥ መለካት ስለሚቻል፣ የበጀት እጥረት የሚለው ምላሽ እዚህ ላይ ብዙም አያሳምነኝም።

የባክቴሪያው ምርመራ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የናሙና ጠርሙሱ ክሎሪንን የሚያመክን ሶዲየም ታዮሰልፌት ከሌለበት፣ ክሎሪኑ ወደ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ባክቴሪያውን መግደሉን ይቀጥልና ሐሰተኛ የምሥራች ያሰማናል። ከዚህም ሌላ ክሎሪን የማይበግራቸው ተሕዋስያን አሉ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ 400,000 ያህል ሰዎችን ያሳመመው ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ክሎሪን ገብቶበት በተሠራጨ ውሃ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያሉትን የሚያስቀረው ማጣሪያው ስለሆነ፣ የማጣሪያውን ድክመት የሚጠቁመው የውሃው ድፍርስነትም አብሮ ሊለካ ይገባል።

በመሆኑም ውሃ በተመለሰበት ሰዓት ከየሰፈሩ የመጨረሻ ቧንቧዎች ናሙና እንዲወሰድ፣ ውጤቱም በከተማ አማካይ ተሸፍኖ ሳይቀር በየናሙና ቦታውና በየቀኑ ተለይቶ፣ መስፈርቱን ያላሟላውም ከተወሰደው እርምጃ ጋር ለሕዝብ እንዲገለጥ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን አሁን ናሙና የሚወሰድባቸው ቦታዎች ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጠን አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የውሃ ደንበኛ